«አየር ወጣዎት?»

እኔ የተከበርኩ ሰው ነኝ። ይህን የምላችሁ ለመኩራራት አይደለም፤ ኋላ የማወራውን ስትሰሙ እንዳትንቁኝ ከወዲሁ ላስጠንቅቃችሁ ብዬ ነው። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የአንድ ትልቅ ሕንፃ ፓርኪንግ ኃላፊ ነኝ። በምኖርበት በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ። ሁለት ጊዜ ለሽምግልና ተልኬ ሁለቱንም ጊዜ የልጅቷን ቤተሰብ «እሺ» አስብዬ ተመልሻለሁ። እንዲህ ያለ ሰው በሃምሳ ስምንት ዓመቱ፣ በዕድሩ ሊቀመንበር ፊት፣ ልጁ በምትሆን ሴት «አየር ወጣዎት?» ተብሎ ይጠየቃል? እስቲ ፍረዱኝ።

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሥራ ቦታ ከመስኮቴ ኋላ ተቀምጬ ሳለሁ ሆዴን ቆረጠኝ። ቁርጠት እንኳ አዲስ ነገር አይደለም። ዝንጅብል ሻይ ጠጣሁበት፤ ባሰ። ተነስቼ ወዲያ ወዲህ አልኩበት፤ ባሰ። በመጨረሻ መኪናዋን ልታወጣ የመጣች አንዲት ደንበኛ በመስኮቱ አጮልቃ ስታየኝ ቲኬቷን ጥላ 911 ደወለች። እኔ «አይ አም ፋይን፣ አይ አም ፋይን» እላታለሁ። ወለል ላይ ተጋድሜ ነው እንግዲህ እንዲህ የምላት።

አምቡላንሱ የወሰደኝ ሆስፒታል እዚያው ቨርጂኒያ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ ያለው ሜሪላንድ ነው። ሊጠይቀኝ የሚመጣ ሰው ቤልትዌይ የሚባለውን የቀለበት መንገድ ታግሎ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ሁለት ጊዜ ኤግዚት ተሳስቶ ነው የሚደርሰው። እንዲህ ተንገላቶ የመጣ ጠያቂ ደግሞ «እግዜር ይማርህ» ብሎ በአምስት ደቂቃ አይሄድም። ድካሙን እስኪያወጣ፣ ትራፊኩም እስኪቀል ይቀመጣል። ብዙው ጣጣ የመጣውም ከዚህ ነው።

ፎቶ ካነሱኝ በኋላ ሐኪሙ «አንጀትህ ተጠማዟል» አለኝ። እንዲገባኝ ብሎም በሁለት እጁ እርጥብ ጨርቅ እንደሚጨምቅ ሰው አድርጎ አሳየኝ። እኛ እንግዲህ አንጀታችንን የማናሠራው ሥራ የለም። ስናዝን ይላወሳል፣ ስንናደድ ያርራል፣ የጠላነው ሰው ሲዋረድ ቅቤ ይጠጣል፤ ጨካኝ ሰው ደግሞ ጭራሹን የለውም። ይህን ሁሉ ሲሠራ የኖረ አካል አንድ ቀን ቢጠማዘዝ ምን ይገርማል? ለሐኪሙ ግን ቱቦ ነው። የዚያኑ ዕለት ሆዴን ከፍተው የተበላሸውን ቆርጠው ጣሉ፣ የቀረውን ሰፍተው ቀጠሉ።

ስነቃ ባለቤቴ ጥሩወርቅ አጠገቤ ተቀምጣ ታለቅሳለች። «ተርፈሃል» አለችኝ። እኔም ሞኙ መከራዬ ያለቀ መሰለኝ። ለካ ኦፕራሲዮን ማለት ቀላሉ ነው፤ ተኝተህ ነው የምታልፈው። ጉዱ ያለው ከነቃህ በኋላ ነው።

ወደ ላይኛው ፎቅ ወስደው አንድ ክፍል ውስጥ አስተኙኝ። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተከፈተና አንዲት ነርስ ገባች። አጠር ያለች፣ ሂጃቧን አጥብቃ ያሰረች፣ ስትራመድ ጫማዋ የሚንጫጫ ናት። ደረቷ ላይ የተንጠለጠለውን ስም ሳነብ «ሰሚራ» ይላል።

«የአገር ልጅ ነሽ?» አልኳት።

«ኮምቦልቻ ነው የተወለድኩት ጋሼ። እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ፎልስ ቸርች አደግሁ። አብሽሩ፣ እኔ አለሁ» አለችኝ።

ደስታዬን አትጠይቁኝ! ከእንግዲህ በሽተኛ ሳልሆን እንግዳ ነኝ አልኩ በልቤ። የአገር ሰው ማለት እኮ ለሌላው የጠበቀውን ሕግ ለአንተ ላላ የሚያደርግልህ ማለት ነው። እኔ ራሴ ስንቱን የአገር ልጅ መኪና «ግባ፣ ጥግ ይዘህ ቁም» ብዬ አሳልፌያለሁ። ሰሚራ ግን ይህን ትምህርት አልተማረችም። እንዲያውም ከፈረንጆቹ የባሰች ሆና ተገኘች፤ ፈረንጆቹን «አልሰማሁም» ብዬ ማምለጥ እችላለሁ፣ እሷን በምን ቋንቋ ልሸሻት?

መጀመሪያ በሕመሜ መጣችብኝ። «ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ነው?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ቁጥር ይንገሩኝ ጋሼ።»

ሕመም እንዴት ተደርጎ ነው የሚቆጠረው? አስር ብል ፈሪ ልባል ነው፤ ዜሮ ብል ማን ያምነኛል። «ሁለት» አልኳት፤ ለጨዋ ሰው የሚመጥን ሕመም ነው ብዬ።

እጄን አየችው። ለካ የአልጋውን ብረት ጨብጬ ጣቶቼ ነጭ ሆነዋል። «ሁለት ያመመው ሰው ብረት አያንቅም» አለችና በጉሉኮሱ መስመር መድኃኒት ሰጠችኝ። «ስምንት ብዬ ጽፌያለሁ።»

ሕመሙ የኔ፣ ቁጥሩ የሷ! እንዲህ ያለ ድፍረት ታይቶ ይታወቃል? እርግጥ አስር ደቂቃ ሳይሞላ ጣቶቼ ብረቱን ለቀቁት። ቢሆንም ሳያማክሩ ስድስት መጨመር ነውር ነው።

በማግስቱ ረቡዕ፣ ጠዋት ላይ፣ መጥታ ብርድ ልብሴን ገለጠች። «እንነሳ ጋሼ።»

«ወዴት?»

«ኮሪደሩን እንዞራለን።»

«ልጄ፣ ትናንት እኮ ነው ሆዴ የተቀደደው!»

«ለዚህ ነው የምንነሳው። ዝም ብለው ከተኙ እግርዎ ላይ ደም ይረጋል፣ ሳንባዎ አክታ ይቋጥራል፣ አንጀትዎም አይነቃም። ይቺን ትራስ ሆድዎ ላይ ይያዙ፣ ሲያስልዎት ጫን ያድርጉት።»

እኔ ባደግሁበት አገር የታመመ ሰው ይተኛል፣ ያልታመመ ይቆማል፤ ነገሩ ያለቀለት ነበር። እዚህ ግን ሰው ቀደው ሰፍተው «ተራመድ» ይሉታል። ደግሞ ያለበሱኝን ልብስ ብታዩ! ከፊት ጨዋ ነው፣ ከኋላ ግን ባለጌ ነው። የሰፋው ሰው ጨርቁ ጀርባ ጋ ሳይደርስ ያለቀበት መሆን አለበት። በአንድ እጄ የጉሉኮሱን ማንጠልጠያ እየገፋሁ፣ በሌላው እጄ ከኋላ ክብሬን ጨብጬ፣ ትራሱን በአገጬ ይዤ፣ በፈረንጅና በሐበሻ ፊት ኮሪደሩን ዞርኩ። ሰሚራ ብብቴ ሥር ገብታ «ጎበዝ፣ ጎበዝ» ትለኛለች። ጎበዝ! የዕድር ጸሐፊ!

ከሁሉ የከፋው ረሃቡ ነው። ምግብ የለም። ውሃም እንኳ ከጉንጭ አያልፍም። በብርጭቆ የበረዶ ፍርፋሪ ሰጥተውኝ በማንኪያ አንድ አንድ እያልኩ እመጥጣለሁ። ክረምት በመጣ ቁጥር ከመኪናዬ ላይ ስጠርገው የኖርኩትን በረዶ ቀለቤ አደረጉት።

«ምግብ መቼ ነው?» ብዬ ሐኪሙን ብጠይቀው፣ ጥያቄዬን በጥያቄ መልሶ «ጋዝ ፓስ አድርገሃል?» አለኝ።

«እኔ ፓርኪንግ ነው የምሠራው፤ ጋዝ የሚሸጠው ከኛ ማዶ ነው» አልኩት።

ሐኪሙ ወደ ሰሚራ ዞረ። ሰሚራ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ጋሼ፣ አየር ወጣዎት ወይ ነው የሚልዎት። ከታች። እሱ ከወጣ ነው ምግብ የሚጀመረው።»

ፊቴ ጋለ። እኔ ከጥሩወርቅ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ስኖር ስለዚህ ጉዳይ አንዲት ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፤ መስኮት እንከፍታለን፣ በቃ። ይህችኛዋ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በገባች ቁጥር ትጠይቀኛለች። የደም ግፊት ትለካና «አየር ወጣዎት?» ስፌቱን ታይና «አየር ወጣዎት?» የምስራች እንደሚጠባበቅ ሰው አፌን አፌን ታየኛለች። አልወጣም ስላት ደግሞ ታዝናለች፤ እንዳጎደልኩባት።

ሐሙስ ቀትር ላይ ጋሽ መኩሪያ መጡ። ጋሽ መኩሪያ የዕድራችን ሊቀመንበር ናቸው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ያለ ክራቫት ያያቸው የለም፤ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ስለሚያደርጉ ስብሰባው በሙሉ አንገቱን ያሰግጋል። እሳቸው ፊት እግር አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው አላውቅም። እጃቸው ላይ በፎጣ የተጠቀለለ ትልቅ ሳህን ይዘዋል። ፎጣው ገና ሳይገለጥ ሽታው ደረሰኝ። የገብስ ገንፎ ነው! ባለቤታቸው በንጥር ቅቤና በበርበሬ ሠርተው የላኩልኝ፤ ልክ እንደ አራስ።

ጋሽ መኩሪያ ስለ ቤልትዌይ አውርተው ሳይጨርሱ ሰሚራ ገባች። «አባባ፣ እንደምን ዋሉ» ብላ በአክብሮት ሰገድ አለችላቸው። አስተዳደጓ ያስመሰግናል ብዬ ሳልጨርስ ወደ እኔ ዞራ፣ «ጋሼ፣ አየር ወጣዎት?»

ጋሽ መኩሪያ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ጣሪያው ላይ ምንም አልነበረም፤ እሳቸው ግን አትኩረው አዩት።

እንግዲህ በእኔ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ከፊቴ ሊቀመንበሩ፣ ከጎናቸው ገንፎው። አልወጣም ብል ወሬው ይረዝማል፤ «ሆድዎን ይሹ፣ በጎን ይተኙ» ትለኛለች፣ ሁሉም በሳቸው ፊት። ወጥቷል ብል ባንድ ቃል እገላገላለሁ፤ ገንፎውም ይፈቀድልኛል።

«ወጥቷል» አልኩ።

«መቼ?»

መቼ ትለኛለች! «ቅድም።»

«ብዙ ነው ትንሽ?»

ጋሽ መኩሪያ ክራቫታቸውን ላላ አደረጉ።

«መጠነኛ ነው» አልኩ።

ማዳመጫዋን ሆዴ ላይ አድርጋ እዚህም እዚያም አዳመጠች። ግንባሯን ቋጠረች። «ሆድዎ እኮ አሁንም ዝም ብሏል። እስቲ ለዶክተሩ ልንገረው። እሱ እሺ እስኪል ከበረዶው በቀር ምንም እንዳይቀምሱ። አደራ!» ወደ ጋሽ መኩሪያም ዞር ብላ፣ «አባባ፣ እርስዎም አደራ» ብላ ወጣች።

የኔን ቃል በሆዴ ቃል ልታጣራ! ተናደድኩ። ጋሽ መኩሪያ ከጣሪያው ወረዱና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ወጥቷል ካልክ...»

«ከወጣ ምግብ ይጀመራል ያለችኝ ራሷ ናት» አልኩ።

«አደራ ብላናለች እኮ።»

«ብላናለች።»

ትንሽ አሰቡ። «አደራ ያለችው እንግዲህ ምግቡን ነው። ገንፎ ምግብ አይደለም፣ መጠገኛ ነው።»

በሰባ አራት ዓመት የተከማቸ ማስተዋል ማለት ይህ ነው። ፎጣውን ገለጡት። መሐሉ ላይ የተጠራቀመው ቅቤና በርበሬ ቀይ ኩሬ መስሎ ያብለጨልጫል። ሦስት ማንኪያ ብቻ ብለን ተስማማን። ከሦስተኛው በኋላ ግን ቆጠራውን እኔ እሳቸው የያዙት መስሎኝ፣ እሳቸውም እኔ የያዝኩት መስሏቸው ተጠፋፋን። ሳህኑ ሊጋመስ ሲል ነው ማንኪያዬ የቆመው።

አንድ ሰዓት ያህል ተጫወትን። ከዚያ ሆዴ መነፋት ጀመረ። መጀመሪያ ጥጋብ ነው አልኩ። ቀጥሎ ስፌቱ ተወጠረ። ላቤ መጣ። ጋሽ መኩሪያ ስለ ዕድሩ አዲስ አባላት ያወሩልኛል፣ እኔ «አዎ፣ አዎ» እላለሁ፤ የሚሉት ግን አይሰማኝም። ልክ በዚህ ጊዜ ጥሩወርቅ ከሥራዋ ስትመጣ፣ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ፣ ያ ሁሉ ገንፎ በመጣበት መንገድ ተመለሰ። በአልጋው፣ በልብሴ፣ በወለሉ። ቀይ ሆኖ!

«ደም!» ብላ ጮኸች ጥሩወርቅ። «ደም አስመለሰው! ኧረ የሰው ያለህ!»

ሰሚራ እየሮጠች ገባች። ያን ጊዜ ያየኋት ሰው ቁጥር የምትጠይቀኝ ልጅ አልነበረችም። በአንድ እጇ የአልጋውን ራስጌ ቀና አደረገች፣ በሌላው ወደ ጎን አዞረችኝ፣ ትውከቱ ወደ ሳንባዬ እንዳይገባ አፌን በእጇ አጸዳች፣ ማስመለሻ ሳህን ደቀነችልኝ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ቁልፍ በክርኗ መታችው። ክፍሉ ሰው በሰው ሆነ። አንዱ ግፊት ይለካል፣ አንዱ ደም ይቀዳል፣ ሐኪሙ ሆዴን እየነካካ ፊቱ ጠቆረ። ስፌቱ ውስጥ ውስጡን ሳይደማ አልቀረም፣ ኦፕሬሽን ክፍሉን አዘጋጁ ሲል ሰማሁት። ጥሩወርቅም ሰማች፤ ለቅሶዋን ለቀቀችው።

ሰሚራ ግን ማስመለሻውን ሳህን ወደ አፍንጫዋ ጠጋ አደረገች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ጋሽ መኩሪያ ሄደ። ጋሽ መኩሪያ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ በተረከዛቸው ብቻ ሳህናቸውን ቀስ እያሉ ወደ ወንበሩ ሥር ይገፋሉ።

«ጋሼ፣ ምን በሉ?» አለችኝ።

«ምንም።»

ጎንበስ ብላ ፊቷን ከፊቴ ገጠመች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይዩኝ። እንደገና ሊከፍቱዎት ነው። ደም መስሏቸዋል። እኔን ኮረሪማ ይሸተኛል፤ ግን በማሽተት ብቻ ዶክተር አላስቆምም። የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።»

አፈርኩ እንዳልላችሁ፣ ከእፍረት ያለፈ ነገር ነው የያዘኝ። ፈራሁ። ዓይኔ እያየ በአንድ ሳህን ገንፎ ሁለተኛ ልቀደድ ነው። ጋሽ መኩሪያን አየኋቸው፤ ጣሪያው ላይ ናቸው። ጥሩወርቅን አየኋት፤ ስለቴን፣ ማርያምን፣ ትላለች።

«ገንፎ» አልኩ።

«አየሩስ?»

«አልወጣም። ከመጀመሪያውም አልወጣም።»

የጥሩወርቅ ለቅሶ ቀጥ አለ። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

«ዋት ኢዝ ገንፎ?» አለ ሐኪሙ። ሰሚራ ከወንበሩ ሥር ሳህኑን አውጥታ አሳየችው። ሐኪሙ ቀዩን ቅቤ አየ፣ ማስመለሻውን አየ፣ የጋሽ መኩሪያን ክራቫት አየ። ለማረጋገጥ ብለው ደሜን መረመሩ፣ ሆዴን ፎቶ አነሱ፤ ስፌቱ ደህና ነው። አንጀቴ ገና ከእንቅልፉ አልነቃም፤ ስለዚህ የጫንኩበትን ወደ ታች የሚያሳልፈው አልነበረም። መከፈቱ ቀረ። ነገር ግን በአፍንጫዬ በኩል እስከ ጨጓራዬ ቱቦ አስገቡልኝ። ሰሚራ ናት ያስገባችው። «ይዋጡ፣ ይዋጡ፣ ጎበዝ» እያለች፤ እኔ እያነባሁ፣ በሐበሻነቴ ምንም ሳታዳላልኝ።

ነገሩ ሲረጋጋ ጥሩወርቅ ተናገረች። ለእኔ አልነበረም፤ ለጋሽ መኩሪያ ነው። «ጋሽ መኩሪያ፣ እርስዎን እንደ አባቴ ነው የማይዎት። በዚህ እጅዎ ገድለውት ቢሆን ኖሮ፣ በዚሁ እጅዎ ሊቀብሩልኝ ነበር።» እሳቸው ሳህናቸውን ይዘው ወጡ።

በሩ ሳይዘጋ ስለቀረ ከኮሪደሩ የሚመጣ ንግግር ሰማሁ። አንዲት ቆጣ ያለች ሴት በእንግሊዝኛ ትናገራለች፤ የነርሶቹ አለቃ መሆኗ ያስታውቃል። በሽተኛው አየር ወጥቶታል ብለሽ ጽፈሻል፣ ሆዱ ግን ዝም ብሏል ብለሽም ጽፈሻል፤ የአገርሽ ሰው ስለሆነ ነው ምግብ ያሳለፍሽለት? ትላታለች። ሰሚራ ቀስ ብላ «ኖ» አለች። «ከልክዬ ነበር። የነገረኝን ጻፍኩ፣ የሰማሁትንም ጻፍኩ።»

«እንደዚያ ከሆነ እንዴት በላ?»

ሰሚራ በእኔ አላሳበበችም።

የዚህን ጊዜ አንጀቴ፣ የቀረው አንጀቴ፣ ተላወሰ። እኔ በሥራ ቦታዬ አንድ ሠራተኛ ባላጠፋው ሲከሰስ ዝም ብዬ አላውቅም። ተነስቼ እንዳልሄድ በቱቦ ታስሬያለሁ። ያለኝን እንግሊዝኛ ሁሉ ሰብስቤ፣ በታፈነ አፍንጫዬ ጮህኩ። «ሄሎ! ማዳም! ሺ ሴይድ ኖ! አይ ላይድ! አይ ኢት! ሚ!»

ሴትዮዋ በበሩ ብቅ አለች። ሰሚራም ከኋላዋ። «ሺ ሴይድ ኖ ቱ ታይምስ» አልኩ ሁለት ጣቴን አቁሜ። ጥሩወርቅም ተነስታ «ሂ ኢዝ ላየር» ብላ መሰከረችልኝ፤ ሃያ ስድስት ዓመት በትዳር የኖረች ሴት ምስክርነት ስለሆነ ሴትዮዋ ወዲያው አመነች።

ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ሰሚራ ቱቦውን አፍንጫዬ ላይ በፕላስተር እያስተካከለች ነበር። ተቆጥታለች። ወደ ዓይኔ አታይም።

«ጋሼ፣ ላዋርድዎት መሰለዎት?» አለችኝ። «ሆድ ከተከፈተ በኋላ አንጀት ይተኛል። መንቃቱን የማውቀው በሱ ነው። ገብቼ አላየው። እርስዎ ከዋሹኝ እኔ ዕውር ነኝ።»

«በሰው ፊት ባትጠይቂኝ ኖሮ...»

እጇ ቆመ። ትንሽ አሰበች። «እሱስ ልክ ነዎት። አባባን ማስወጣት ነበረብኝ። አጥፍቻለሁ።»

ይቅርታ ይጠይቁኛል ብዬ አልጠበቅሁም። ቁጣዬን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ የማፈስበት አጣሁ። «እኔም አጥፍቻለሁ» አልኳት። ሰሚራም ፕላስተሩን አጥብቃ፣ «ሕመሙ ስንት ነው?» አለችኝ።

«ዘጠኝ» አልኳት። እውነቱን ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ተራመድኩ፣ እናንተዬ። በቀን አራት ጊዜ፣ ያለ ክርክር፣ ቱቦዬ ተዘግቶልኝ፣ ትራሴን ታቅፌ። አየሩ ግን የለም። ዓርብ የለም። ቅዳሜ ጠዋትም የለም። ያኔ የሚያሳፍረኝ ጥያቄው ነበር፤ አሁን መልሱ ሆነ። ሐኪሙ እስከ ነገ ካልነቃ ሌላ ነገር እናስባለን አለ፤ ሌላው ነገር ምን እንደሆነ ብጠይቀው እናያለን ብቻ አለኝ። ጥሩወርቅ በስልክ «ምንም?» ትለኛለች፤ «ምንም» እላታለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ያላወራነውን በሁለት ቀን አወራነው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጋሽ መኩሪያ ተመለሱ። እጃቸው ባዶ ነው። ክራቫታቸውን አስረዋል። በር ላይ ቆመው ለሰሚራ «ልጄ፣ አደራሽን በላሁ፤ ይቅር በይኝ» አሏት። እሷም «አብሽሩ አባባ» ብላ፣ «እንግዲያውስ ይዘውት ይዙሩ፤ ቀስ ብለው» ብላ እኔን ሰጠቻቸው። ክንዳቸውን ያዝኩ። አንድ ዙር ዞርን። ሁለተኛውን ዙር ይዘን፣ ነርሶቹ ኮምፒውተራቸው ላይ አቀርቅረው ከሚጽፉበት ዴስክ ፊት ስንደርስ፣ ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ተንከባለለ። ቆምኩ። ከዚያ፣ ልክ ዘይት ያልቀመሰ የጋራዥ በር ሲከፈት እንደሚያሰማው ሆኖ፣ ረዥም ሆኖ፣ ወጣ።

ሦስት ነርሶች ቀና አሉ። የጉብኝት ሰዓት ነውና ጠያቂዎችም ዞር አሉ።

በዚህ ጊዜ ጋሽ መኩሪያ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ለተሰበሰበው ሕዝብ ጎንበስ ብለው፣ «ሶሪ» አሉ። «ይቅርታ። እርጅና ነው።»

«ጋሽ መኩሪያ!» አልኩ።

«ዝም በል» አሉኝ በሹክሹክታ። «እኔ ሽማግሌ ነኝ። ለኔ ያልፋል።»

«ኧረ የኔ ነው!»

«ዝም በል አልኩህ። ልሸፍንህ።»

ሰሚራ ከወንበሯ ተነስታ ወደ እኛ መጣች። እኔን አየች፣ እሳቸውን አየች። «የማን ነው?»

«የኔ!» አልኩ።

«የኔ ነው ልጄ» አሉ ጋሽ መኩሪያ በዚያ ስብሰባ ዝም በሚያሰኝ ድምፃቸው።

ሰሚራ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ ባለፈውም ወጥቷል ብለውኝ ነበር።»

ውሸት ሲታመንልኝ፣ እውነቱ ሲመጣ የሚያምነኝ አጣሁ! የሁለት ቀን ለቅሶዬን፣ የጥሩወርቅን ስለት፣ በአፍንጫዬ የገባውን ቱቦ፣ ሁሉን የከፈልኩበትን አንድ ነገር ይኸው በዓይኔ ሥር በይሉኝታ ነጠቁኝ። ደሜ ፈላ። የእሳቸውን ክንድ ለቅቄ፣ የልብሴንም ጀርባ ለቅቄ (ያንን በኋላ ነው ያስተዋልኩት)፣ «ጋሽ መኩሪያ! ከትናንት ወዲያ በገንፎዎ ሊገድሉኝ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በጨዋነትዎ ሊገድሉኝ ነው? እውነቱን ይንገሯት!» ብዬ ጮህኩ።

ሊቀመንበሩ ላይ ድምፄን ከፍ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነው። ጋሽ መኩሪያ ክራቫታቸውን አስተካከሉ። ከዚያ፣ የዕድር ውሳኔ እንደሚያነቡ ሆነው፣ «ልጄ፣ የሱ ነው። እኔ ወንድሜን ልሸፍን ብዬ ነው» አሉ።

ሰሚራ እዚያው ቆመን ማዳመጫዋን ሆዴ ላይ አደረገች። ትንፋሿን ዋጠች። እኛም ዋጥን። ቀስ በቀስ ፊቷ ተከፈተ፤ ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች። «ይንጎራጎራል! ወላሂ፣ ይንጎራጎራል! እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ!»

አሜሪካዊ ዜጋ ስሆን ዳኛው እጄን ጨብጦ እንኳን ደስ አለህ ብሎኛል። የእሷን ያህል ግን ከልቡ አልነበረም።

ወደ ዴስኳ ተመልሳ መጻፍ ጀመረች። እኔ ግን ከቦታዬ አልተነቃነቅሁም። ማንጠልጠያዬን እየገፋሁ ዴስኩ ላይ ተደገፍኩ።

«የኔ ፋይል ላይ ነው የምትጽፊው?» አልኳት።

«የእርስዎ ላይ ነው ጋሼ።»

«አሳዪኝ።»

ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችው። ስሜን አነበብኩ፤ የአባቴን ስም አነበብኩ። ሥሩ የተጻፈውንም አንድ ቃል ሳልዘል፣ ጋሽ መኩሪያም እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እስከ መጨረሻው አነበብኩት።